ለውሻ ሽቶ የሚቀምሙት ጋሽ ገመዳ

ጋሽ ገመዳ ያረፉት ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት ሳምንት ነው። እኔ ለሥራ ሮቤ ነበርኩ። ስልኬ ሲጠራ የባለቤታቸውን የአዴ አስካለን ስም አየሁና ሳላነሳው ገባኝ። ብዙም አላወራን። «አረፈ፤ ነይ» አሉኝና ዘጉት። ወደ ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስክቀመጥ ድረስ አላለቀስኩም። እንባዬን ያመጣው መስኮቱ ነው። ሁሉም መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ጋሽ ገመዳ በተሳፈሩበት ሚኒባስ ውስጥ እኮ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር እንኳ፣ አንድም ቀን መስኮት ተዘግቶ አያውቅም።

ለማያውቃቸው ሰው ሳላድበሰብስ ልናገር፤ ጋሽ ገመዳ ይሸቱ ነበር። እሳቸውም አይደብቁትም። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «ሮቤ፣ ሮቤ» እያለ ሲጣራ ድንገት አፍንጫውን ይይዝና «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬስ ጣራ ላይ ነው የምጭንዎት!» ይላቸዋል። «ጣራው ላይ በግ ጭነህ ከሆነ እሱ ዘሎ ይወርድብሃል፤ ተወኝ» ብለው እየሳቁ ይገባሉ። የኋላውን ወንበር ጥግ ይይዛሉ፣ መስኮታቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ከዚያ እስከሚወርዱ ድረስ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ሜዳውን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ትንፋሻቸው እንኳ ወደ ሰው እንዳይሄድ ይጠነቀቁ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

እንዲህ ያደረጋቸው ሥራቸው ነው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በባሌ ደጋ እየዞረ ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ በሚከትብ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤት ያለው ውሻ በገመድ እየተጎተተ ይመጣልናል። ባለቤት የሌለውን፣ ከቄራ ወደ አውድማ ከአውድማ ወደ ገበያ የሚዞረውን ግን በሽቦ ሳጥን ካላጠመድነው አንደርስበትም። ሳጥን ውስጥ ሥጋ ማስቀመጥ ማንም ይችላል። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በድንጋይ ሲባረር የኖረ ውሻ ሥጋ አይቶ ብቻ አይገባም። የሚጠራው ሽታ ያስፈልጋል። ያንን ሽታ የሚሠሩልን ጋሽ ገመዳ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው «የውሻ ሽቶ» ይለዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት ነበር።

ሙያውን ያገኙት ከአባታቸው ነው። አባታቸው የድንች ማሳ የሚፈጅ ጃርት ያጠምዱ ነበር። ጋሽ ገመዳ ያንን ይዘው፣ የራሳቸውን እየጨመሩ፣ ውሻ ላይ አደረሱት። ግቢያቸው ጥግ፣ ኮሶው ዛፍ ሥር፣ ጠርሙስና ማሰሮ ተደርድሮ ይታያል። የበግ ጉበት ከትፈው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና ክዳኑን አላልተው ፀሐይ ላይ ያውሉታል፤ ቀልጦ ጥቁር መረቅ እስኪሆን። ከዚያ የበግ ላት፣ የከረመ ቅቤ፣ አንገቱ ከሚባለው አገር ከሚመጣ ነጋዴ የሚያገኙት ጥፍር የማትሞላ ዝባድ፣ በላዩ ደግሞ ማር። ማሩ ለጣዕም አይደለም፤ ሽታው ቶሎ እንዳይበተን ይይዘዋል ይሉኝ ነበር። ለወንዱ ውሻ ሌላ አለ፤ ውሾች ቆመው ከሚሸኑበት የመብራት ምሰሶ ሥር አፈር ይዝቃሉ። ጎባ ከተማ መሐል፣ ኮት የለበሱ ትልቅ ሰው፣ ምሰሶ ሥር ቁጢጥ ብለው አፈር በማንኪያ ሲዝቁና እያሸተቱ ሲመርጡ ያየ አላፊ አግዳሚ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱት።

«የራበው ውሻ ለሆዱ ይመጣል» ይሉኛል፣ ማንኪያውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ። «የጠገበው ግን ማን እንዳለፈ ለማወቅ ነው የሚመጣው። ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ አትጥሪያቸውም፣ ኢንታላ ኮ።» ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

አንድ ፋሲካ ላይ ክዳኑን ማላላት ረስተው አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። ጾሙን የፈታ ጎረቤት ሁሉ ዶሮ ወጡን ትቶ ወደ መንገድ ወጣ። በማግስቱ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ከብዙ ምርቃት በኋላ፣ ጠርሙሱ ከአጥር ውጭ ይሁን አሏቸው። ጋሽ ገመዳ አልተከራከሩም፤ ተሸክመው አወጡት። አዴ አስካለ ግን ተቆጡ። «እኔ አብሬው የማድረው ሳይከፋኝ እናንተ ምን ቤት ናችሁ!» ብለው ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኟቸው። እኚህ ሴት እጣንና ሽቶ፣ ቅመም ያለው የፀጉር ቅቤም ሳይቀር፣ ከቤታቸው ያስወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ለክትባት ዘመቻ ሲወጡ የሴት ወግ ሁሉ ይቀርባቸዋል። ሠርግ ቢጠሩ እንኳ ፀጉራቸውን ሳይቀቡ ይሄዱ ነበር።

ይህ የጋሽ ገመዳ ሕግ ነው። ሽታ የሚሠራ ሰው የራሱ የሰውነት ሽታ ሊኖረው አይገባም። ሳጥኖቹን በኮሶ ቅርፊት ይቀቅሏቸዋል፣ እጃቸውን በጥድ ቅጠል ጭስ ያጥናሉ፣ ልብሳቸውን ፈረሱ የሚያድርበት ጋጥ ውስጥ ይሰቅላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳሙና። ሳጥን ተጠምዶ ሳለ ሳሙና የሚባል ነገር አይነኩም፤ የነካ ሰው ሲጨብጣቸውም እጃቸውን ወደ ኋላ ይሸሽጋሉ። ጎንበስ ብለው በትከሻቸው ሰላም ይሉታል። «ውሻ ሳሙና ሲሸተው ሰው ትዝ ይለዋል» ይላሉ፤ «ሰው ትዝ ሲለው ደግሞ ድንጋይ ትዝ ይለዋል።»

አሁን የምነግራችሁ ነገር ዛሬም ድረስ ያቃጥለኛል። ለሕዝቡ ስለ ሳሙና የሚያስተምሩትም እሳቸው ነበሩ። የእኔ ኦሮምኛ የቢሮ ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ ግን አሮጊቶቹም ልጆቹም ጆሮ ይሰጣሉ። መንደር ስንደርስ ሰው ይሰበሰባል፣ ጋሽ ገመዳ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ በሌለ ውኃ በሌለ ሳሙና እጃቸውን እያሹ «ሳሙና፣ ቢሻን፤ ሳሙና፣ ቢሻን» ይላሉ፤ ቢሻን ውኃ ነው። «ውሻ ሲነክሳችሁ፣ ውሻው የማነው እያላችሁ ከጎረቤት አትጣሉ። መጀመሪያ እጠቡ! ቡና ፈልቶ እስኪወርድ ድረስ እጠቡ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ጭረትም ቢሆን፣ ቡችላም ብትሆን!» ልጆቹ አብረዋቸው ይጮሃሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው ይጠቅሱኛል።

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚደክሙ ጠይቄያቸው ነበር። በወጣትነታቸው ከፍተኛው የሰኔቲ ሜዳ ላይ በፈረስ ዕቃ ይጭኑ ነበር። በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ የተዛመተ ጊዜ የሞተች ቀበሮ በፈረሳቸው ጭነው ያወረዱት እሳቸው ናቸው። የአገሩ ሽማግሌዎች ቀይ ቀበሮን ጀዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይሏታል፤ በፈረስና በከብት መሐል ሳትፈራ የምትመላለስ ስለሆነች። «ላም ስትሞት ባለቤቷ ያለቅሳል» አሉኝ። «ያቺን ሳወርድ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ቆዳዋን ነው የጠየቀኝ። የሚያለቅስላት ስታጣ እኔ አለቀስኩላት።»

ባለፈው በጋ ሲናና አካባቢ፣ የስንዴ አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ በዚሁ በሽታ የታመሙ ከብቶች እንዳሉ ተነገረን። ሄድን። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች አብዛኞቹን ይዘን ከተብን፤ አንዲት ቀላ ያለች እናት ውሻ ግን አቃተችን። ገለባው ክምር ሥር ቡችሎች ወልዳለች። ሳጥን ታውቃለች። በሩ ድረስ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትመለሳለች። ከድር የሚባለው ባልደረባችን፣ ውሻ በመያዝ የሚያህለው የለም፣ ተስፋ ቆርጦ እንተዋት አለ። ጋሽ ገመዳ አሻፈረኝ አሉ። ከዚያ ተነስታ ወደ ላይ፣ ወደ ቀበሮዎቹ ሜዳ ብትወጣስ? የራሷን መኝታ ገለባ ወስደው፣ ከጉበቱ መረቅ ጋር አሽተው አዲስ ሽታ ቀመሙ። ምግባቸው እንኳ ሽንኩርት ያልገባበት አልጫ ብቻ ሆነ፤ እንዳይሸቱ።

አንድ ማለዳ እኔና ከድር ስንደርስ ጋሽ ገመዳ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን በቅጠል ይዘዋል። ከቡችሎቹ አንዱ እግሩ ሽቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲጮህ አግኝተውት፣ እናትየዋ ጩኸቱን ሰምታ ለዘላለሙ ሳጥኑን እንዳትጠላ ብለው ሊያላቅቁት እጃቸውን አስገቡ። ነከሳቸው። ከጥፍራቸው በታች የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ። ቡችላው አምልጧል።

ከመኪናው ሳሙናና ጀሪካን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ።

«ተይ» አሉኝ። «ዛሬ ሌሊት በሩ ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታለች። ዱካዋን እዪ። ነገ ትገባለች። አሁን ሳሙና ከነካሁ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።»

«ጋሽ ገመዳ፣ ይህን ለሰው የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቡችላ ነው፣ ኢንታላ ኮ። ከእናቱ ሆድ ሥር ወጥቶ የት ታሟል?»

ለመንኳቸው፤ ተቆጣኋቸው። ከድርም ተቆጣ። ለእኔ ብለው ባዶ ውኃ አፈሰሱበት፤ ሳሙናውን ግን እምቢ አሉ። እኛ ውሻ የምንነካ ሁሉ አስቀድመን ተከትበናል። እሳቸው ያኔም «እኔ ውሻ አልነካም፤ የምነካው ሽታ ነው» ብለው ቀርተዋል። ስለዚህ እንደተመለስን ጎባ ሄደው እንዲከተቡ አስማልኳቸው። «ሳጥኑ በተነሳ ማግስት» ብለው ማሉ።

እናትየዋ እንዳሉት በማግስቱ ገባች። ከተብናትና ለቀቅናት። ጋሽ ገመዳ ስትሮጥ እያዩ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። በሰላሙ ቀን ቢሆን ኖሮ ከዚያ ጠዋት የበለጠ ደስ የሚል ትዝታ አይኖረኝም ነበር።

ወዲያው ወደ አንገቱ፣ ወደ ሐረና ጫካው በኩል ለሥራ ተላክሁ። ከዚያ ደወልኩላቸው። «ተከተቡ?» «አዎን፣ ተከትቤያለሁ። ክንዴን አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ» አሉኝ። አመንኳቸው። ዋሽተውኝ አያውቁማ።

ከወራት በኋላ ከአንገቱ ስመለስ አዴ አስካለ በር ላይ ቆመው ነበር። «እጄን ይቆረጥመኛል ይላል» አሉኝ። «ውኃ አልጠጣም አለ። ነፋስም ጠላ፤ ጋቢዬን ሳራግፍ እንኳ ይጮኻል።» ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። ይህን በሽታ በውሻም በከብትም አይቼዋለሁ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ እኔ ነኝ ለሰው ስናገር የኖርኩት።

ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሞቹ ከሥቃይ ማሳረፍ ነበር የቀራቸው፤ እሱን አላጓደሉም። መጋረጃው ተጋርዶ፣ ክፍሉ ጨለም ብሎ ተኝተዋል። አእምሯቸው በመሐል በመሐል ጥርት ይላል። ያ አፍንጫ፣ ከምሰሶ ሥር አፈር የሚመርጠው አፍንጫ፣ አሁን የማይችለው ሽታ ሆነ። ነርሷ ጥጥ ላይ አልኮል ስታፈስ ጉሮሯቸው ተኮማትሮ ከአልጋው ይነሳሉ። «አውጡት፣ ሽታውን አውጡት! ዋቃ ኮ፣ ዋቃ ኮ!» እያሉ ፈጣሪያቸውን ይጠራሉ። እኔ ጸጉሬን የታጠብኩበት ሻምፑ እንዳይነካቸው ራሴን በነጠላ ጠቅልዬ ከሩቅ ቆምኩ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ለእኛ ያደረጉልንን ያኔ ነው የቀመስኩት።

ጋብ ሲልላቸው ጠሩኝ።

«ዋሽቼሻለሁ» አሉኝ። «ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ ተራ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። ምንም አላለችኝም፤ የልጇን አፍንጫ በነጠላዋ ሸፈነችና ሌላ ቦታ ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ሽታ ሸተተኝ። ታጥቤ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ታጠብኩ፣ ታጠብኩ፤ በቀላሉ የሚለቅ መሰለሽ? ሲለቅ ቁስሉ ድኗል። የዳነ ጣት ይዤ ምን ልበላቸው?»

አለቀስኩ። እጃቸውን ልይዝ ስል ከለከሉኝ፤ ምራቃቸው እንዳይነካኝ።

«የጠራሁሽ ለዚህ አይደለም» አሉ። «ከሲናና የገባሁ ዕለት አስካለ ውኃ አሙቃ፣ ሳሙና አጠገቡ አድርጋ ጠብቃኛለች። ዕቃው ገና አልጠራም፣ ነገ ሌላ ሳጥን አለ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ሰው መጨቅጨቅ አታውቅም፤ ደፋችው። ያ ሳሙና ሊያድነኝ ይችል እንደነበር አትንገሪያት። በረቢ፣ በፈጣሪ ይዤሻለሁ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ከዚያ ውኃ ጋር ብቻዋን እንድትቀር አልፈልግም።»

እሺ አልኩ።

ለቅሶው ላይ ሰው ብዙ መጣ። አዴ አስካለ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አያለቅሱም። እህል እንዳልቀመሱ፣ ውኃ እንኳ በግድ እንደሚጠጡ እህታቸው ነገረችኝ። ድንኳኑ ሳሳ ሲል አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አትደብቂኝም» አሉኝ በዝግታ። «ያን ዕለት ውኃ አሙቄለት ነበር። እምቢ ሲል ደፋሁት፤ ጓሮ፣ ጎመኑ ላይ። ጨቅጭቄ፣ ታግዬም ቢሆን ባጥበው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። «አይተርፍም ነበር፣ አዴ» አልኳቸው። «ምንም አይለውጥም ነበር።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ዓይኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህታቸው ያመጣችላቸውን ገንፎ ሁለት ሦስቴ ጎረሱ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ውሸትም ለካ ሰው ያጎርሳል ብዬ ተጽናናሁ።

ዘመቻ ግን ለለቅሶ አይቆምም። ሰው ሞቷልና የጤና ሰዎች የጋሽ ገመዳ ሰፈር ቶሎ ይዳረስ አሉ። ቀበሌው ግቢ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሰው ከነውሻው ተሰበሰበ። ልጁ ውሻውን ይሁን ውሻው ልጁን በገመድ የሚጎትተው አይለይም። ወትሮ በዚህ ሰዓት ጋሽ ገመዳ እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ነበር። ከድርን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔው ወጣሁ።

መናገር ከጀመርኩ በኋላ ነው ያየኋቸው። አዴ አስካለ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ከሴቶቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ውሻ የላቸውም። ለመስማት ብቻ ነው የመጡት።

ስለ ክትባቱ ተናገርኩ። ስለ ምልክቱ ተናገርኩ። ሳሙናው ጋ ስደርስ ልዝለለው አልኩ፤ አንድ ቀን፣ እዚህ ሰፈር ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። ፊት ለፊቴ ያለው ልጅ ክንዱን በውሻው አንገት ላይ ጠምጥሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ውሻው ፊቱን ይልሰዋል።

«የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠበው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

አንዲት አሮጊት ከመሐል ጠየቁ። «ታዲያ የታጠበ ሰው ይድናል?»

ሰፈርተኛው ሁሉ ማንን እያሰበ እንደሆነ ይታወቃል። ወደ አዴ አስካለ ማየት አልቻልኩም። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «ወዲያው በሳሙና ታጥቦ፣ በዚያው ቀን ሄዶ ከተከተበ ይድናል» አልኩ።

ነጠላ ሲሰበሰብ ሰማሁ። አዴ አስካለ ተነስተዋል። የሚሄዱ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሄዱም። ቆመው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሁሉንም እንዳወቁ አወቅሁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ አጥሩ ሥር ዘረጉ።

«ድገሚው» አሉኝ። «እዚያ ያሉት ልጆች አልሰሙም።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።